ለክፍል አልበም ሪፐርን ብትመርጡ

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ክፍላችሁ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ አልበም ሠርቶ እንዲያስረክብ ከታዘዘና "በየትኛው ሶፍትዌር እንሥራው?" የሚለው ክርክር ከተጀመረ፣ የኔ ምርጫ ሪፐር (Reaper) የሚባለው ድምፅ መቅጃና ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነው። ተማሪዎች ለኮርስ ፕሮጀክት አልበም ሲሠሩ ከቀረጻ እስከ ማስተር፣ ማለትም እስከ መጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ፣ አብሬያቸው እየተቀመጥኩ ብዙ አይቻለሁ። አምሮባቸው ያለቁ አሉ፣ መሀል መንገድ ላይ የቀሩም አሉ። የቀሩት የቀሩበት ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከድምፅ ጥራት ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ይህ ግምገማ አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚሠራው ዘፈን አይደለም፣ ለዚያ መስፈርቱ ሌላ ነው። የማወራው ብዙ እጅ ስለሚነካው፣ ብዙ ኮምፒውተር ላይ ስለሚዞረው፣ የማስረከቢያ ቀን ስላለውና ማርክ ስለሚያዝበት አልበም ነው።

የክፍል አልበም ጸባዩ ለየት ይላል። አንዱ ግጥም ይጽፋል። ሌላዋ ዜማ ታወጣለች። ሦስተኛው ቤዙን ማታ ዶርም ውስጥ ይቀዳል። ድምፃዊቷ የትምህርት ክፍሉ ስቱዲዮ ተራ ሲደርሳት ገብታ ትዘፍናለች፣ ከዚያ ሚክስ የሚያደርገው፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች የሚያመጣጥነው ልጅ ይህን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ሰብስቦ ማስማማት አለበት። የአንዱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፣ የሌላዋ ማክ፣ አንዱ ደግሞ ከሊኑክስ ውጭ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። አልበሙ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ። "ፋይሉ ማን ጋ ነው ያለው?" "የመጨረሻው የቱ ነው?" "እኔ ጋ ለምን አይከፍትም?" እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚያቀልላችሁ ሶፍትዌር የተሻለ የሪቨርብ (የማስተጋባት) ድምፅ ካለው ሶፍትዌር በብዙ ይበልጣል።

ሪፐርን ጀስቲን ፍራንክል የጀመረው ነው። ቀደም ሲል በ1997 ዊንአምፕን ያወጣው ሰው ማለት ነው፣ ኤምፒ3 በኮምፒውተር የሰማ ትውልድ ያውቀዋል። ድርጅቱ ኮኮስ ይባላል። የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት በ2006 ወጣ፣ ሰባተኛው ደግሞ በ2023። ትንሽ ቡድን ነው የሚሠራው፣ ማሻሻያ ግን ቶሎ ቶሎ ይለቃሉ።

መጀመሪያ የምወደው ነገር ቀላልነቱ ነው። ለመልመድ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፣ ወደዚያ እመጣለሁ። ክብደቱን ነው። የዊንዶውሱ መጫኛ ፋይል 20 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም፣ ሌሎቹ ታዋቂ ሶፍትዌሮች ከነድምፅ ላይብረሪያቸው በጊጋባይት ሲቆጠሩ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በጥቂት ሰከንድ ይነሳል። ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ ሁሉም ላይ ይሠራል፣ አንዱ ላይ የተሠራው ፕሮጀክትም ሌላው ላይ ይከፈታል። ሲጫን ደግሞ "ፖርተብል" የሚል ምርጫ አለው፣ ማለትም ሙሉ ፕሮግራሙን ከነሴቲንጉ ፍላሽ ላይ አስቀምጦ መዞር ይቻላል። የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ፕሮግራም ለመጫን የአድሚን ፓስወርድ በሚጠየቅበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ላቡ ከፍላሽ ፕሮግራም ማስነሳትን ካልከለከለ በስተቀር። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪም እንደ ሌላው እኩል ይሠራል። ይህ ለኔ ቀልድ አይደለም። የቡድን ሥራ ተብሎ ጥሩ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ብቻ የሚሠራበት፣ ሌላው ከጀርባ ቆሞ የሚያይበት ክፍል ሞልቷል።

የክፍያውን ነገር በአጭሩ ልበል። ለ60 ቀን ምንም ሳይቆለፍ በነፃ ይሞከራል። ከ60 ቀን በኋላም አይዘጋባችሁም፣ ሲከፈት ፈቃድ እንድትገዙ ያስታውሳችኋል፣ በቃ። ሴሚስተር ግን ብዙውን ጊዜ ከ60 ቀን ይረዝማል። ስለዚህ ትምህርት ክፍሉ ከመጀመሪያው ፈቃድ ይግዛ። የትምህርት ተቋም የቅናሹ ፈቃድ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ፈቃድም ሁለት ዋና ዋና ስሪቶችን ይሸፍናል። "አይዘጋም እኮ፣ ለምን እንከፍላለን?" የሚለው ንግግር ያበሳጨኛል። ነገ የራሳቸውን ዘፈን ሰው ከፍሎ እንዲሰማላቸው የሚፈልጉ ልጆች ናቸው፣ የሌላውን ሥራ ዋጋ መክፈልን ዛሬ ይጀምሩት።

አሁን ወደ ዋናው። የሚታወቀው ችግር ይኸውላችሁ። ተማሪው ዶርም የሠራውን ዘፈን በፍላሽ ይዞ ስቱዲዮ ይመጣል። ፍላሹ ላይ ያለው አንድ ፋይል ብቻ ነው። ስሙ የዘፈኑ ስም፣ ቅጥያው አርፒፒ፣ መጠኑ ጥቂት መቶ ኪሎባይት። ሲከፍተው ትራኮቹ (የእያንዳንዱ መሣሪያና ድምፅ መስመሮች) በየስማቸው ይመጣሉ፣ ቀለማቸው እንኳን አለ፣ ግን ሪፐር የድምፅ ፋይሎቹን አላገኘኋቸውም ብሎ ዝርዝራቸውን ይደረድራል። ፕሌይ ሲል ዝም ነው። ጊታሩ ዶርም ባለው ኮምፒውተር የዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ነው፣ ቮካሉ ዴስክቶፕ ላይ፣ ሼከሩ ደግሞ አንድ ጓደኛው በቴሌግራም የላከው ነው። ስቱዲዮው የተያዘው ለተወሰነ ሰዓት ነው፣ ሰዓቱም ስልክ በመደወል ያልቃል። ድምፃዊቷ ጉሮሮዋን አሙቃ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች።

ይህ በየትኛውም ሶፍትዌር ይደርሳል፣ ሪፐር ውስጥ መፍትሔው ሁለት ምልክት ነው። "ሴቭ አዝ" ስትሉ በሚወጣው መስኮት ከታች ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንዱ ለፕሮጀክቱ የራሱን ፎልደር ክፈት የሚል ነው፣ ሌላው የድምፅ ፋይሎቹን ሁሉ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር ገልብጥ የሚል። ሁለቱንም ምልክት አድርጉ። ከየትም የመጣው ድምፅ አንድ ቤት ይገባል፣ ፎልደሩን እንዳለ መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀረው። በተጨማሪ ሴቲንግ ውስጥ አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት መጀመሪያ ሴቭ እንድታደርጉ የሚጠይቅ ምርጫ አለ። እሱን በእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር ላይ አብሩት። ገና ምንም ሳይቀዱ ስም ሰጥተው ፎልደር ከከፈቱ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀዳው ሁሉ በቀጥታ እዚያ ይገባል። መምህር ብሆን የመጀመሪያው ሳምንት አሳይመንት ይሄ ብቻ ነው የሚሆነው፦ አንድ ደቂቃ ቅዱ፣ ፎልደሩን ለጎረቤታችሁ ስጡ፣ ጎረቤታችሁ ጋ ከተከፈተ አለፋችሁ።

ደግሞ የሪፐር ፕሮጀክት ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው። በኖትፓድ ይከፈታል። ውስጡ የትራኮቹ ስም፣ የድምፅ ፋይሎቹ አድራሻ፣ የፌደሮቹ (የድምፅ ከፍታ ማስተካከያዎቹ) ቁጥር ሁሉ በጽሑፍ ተቀምጧል። ለብዙ ሰው ይህ ምንም አይመስልም። ግን የጠፋ ፋይል ሲኖር የት ፎልደር ውስጥ እንደነበረ አይቶ ማግኘት ይቻላል፣ ፕሮጀክቱ አልከፍት ካለም ቢያንስ ውስጡን ታያላችሁ። ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጡ ልጆች ደግሞ ለኮድ በሚጠቀሙበት በጊት ለውጡን ሲከታተሉ አይቻለሁ፣ ማን መቼ ምን እንደነካ ይታያል። "ሚክሱን ማን አበላሸው?" የሚል ጠብ ይቀራል።

ሁለተኛው የክፍል አልበም ገዳይ ፕለጊን ነው፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ የድምፅ መሥሪያ ማለት ነው። አንዱ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ኮምፕሬሰር (የድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያቀራርብ ፕለጊን) አስገብቶ ሚክሱን ያሳምረዋል። ሌላው ጋ ሲከፈት ፕለጊኑ የለም፣ ቮካሉ ራቁቱን ይቀራል። ሪፐር ከራሱ ጋር የሚመጡ ፕለጊኖች አሉት፦ ሪያ ኢኪው፣ ሪያ ኮምፕ፣ ሪያ ዲሌይ፣ ሪያ ቨርብ፣ ሪያ ቱን እያለ ይቀጥላል። መልካቸው ደረቅ ነው። የሚያብረቀርቅ ቁልፍ፣ የእንጨት ሥዕል፣ ምንም የለም። ሥራቸውን ግን በደንብ ይሠራሉ፣ በተለይ ሪያ ኢኪው፣ የወፍራምና የቀጭን ድምፅ መጠን ማስተካከያው፣ ለመማሪያ የሚመች ነው፣ የድምፁ ስፔክትረም ከመስመሩ ጀርባ ስለሚታይ ጆሮ የሰማውን ዓይን ያያል። ከሁሉም በላይ ሪፐር ባለበት ሁሉ አሉ። ለክፍል ሥራ ሕጉ አጭር ይሁን፦ ዘፈኑ ከእጅ ወደ እጅ እስካለ ድረስ አብረው በመጡት ብቻ። የግድ ሌላ ፕለጊን ወይም የራስህ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኮምፒውተር የሚፈጥር መሣሪያ) ካስፈለገህ ትራኩን ፍሪዝ አድርገህ ስጥ። ፍሪዝ ሲደረግ ድምፁ ከነኢፌክቱ ወደ ድምፅ ፋይል ይቀየራል፣ ዋናው ደግሞ አይጠፋም፣ በኋላ መመለስ ይቻላል። ያኔ ፕለጊኑ የሌለው ልጅም አንተ የሰማኸውን ይሰማል።

ስሪት 7 ላይ የመጣውና ለክፍል ሥራ የተሠራ የሚመስለኝ ነገር ደግሞ የትራክ ሌን ነው። ድምፃዊቷ አዝማቹን ደጋግማ ትዘፍናለች። እያንዳንዱ ቅጂ ያው ትራክ ውስጥ ከታች ከታች በራሱ መስመር ይደረደራል። ከዚያ በማውስ ከየቅጂው የሚፈለገውን ቁራጭ ጠረግ አድርጎ መምረጥ ነው፣ የተመረጡት ተጋጥመው አንድ ሙሉ ቅጂ ይሆናሉ። ይህን ሥራ ክፍሉ በሙሉ ተሰብስቦ ሲሠራው ማየት ደስ ይላል። የመጀመሪያው መስመር ከሦስተኛው ቅጂ ይሻላል ይባላል። ግጥሙን የጻፈው ልጅ "አይ፣ እዚያ ጋ የቃሉን መጨረሻ ዋጠችው፣ አይሰማም" ይላል። ተመልሶ ይሰማል፣ እውነቱን ነው። ከአምስተኛው ቅጂ ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ትመጣለች፣ መገጣጠሚያዋ ላይ ትንፋሿ ሁለት ጊዜ እንዳይሰማ ድንበሩ ወደ ግራ ሳብ ይደረጋል፣ በቃ። ድምፃዊቷ ራሷ ቁጭ ብላ ስታዳምጥ ደግሞ በድምፅ ያማረውን ሳይሆን ስሜቱ ያለበትን መርጣ ሁሉንም ታስገርማለች። ስለ ፕሮዳክሽን በስላይድ ከሚሰጥ ሌክቸር ይህ አንድ ከሰዓት የበለጠ ያስተምራል።

ትራኮቹም አይከፋፈሉም። ሌሎች ሶፍትዌሮች የድምፅ ትራክ፣ የሚዲ (የኖታ ትእዛዝ) ትራክ፣ የብዙ ትራክ ድምፅ የሚሰበሰብበት የባስ (bus) ትራክ እያሉ ይለያሉ፣ ሪፐር ጋ ትራክ ትራክ ነው፣ የፈለጋችሁትን ታስገቡበታላችሁ። ድራሞቹን ሰብስቦ አንድ ትራክ ሥር ካስገቧቸው የላይኛው ፎልደር ይሆናል፣ የድራሙ ጠቅላላ ድምፅም በእሱ በኩል ያልፋል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ድምፅ ከየት ተነስቶ በየት አልፎ የት እንደሚደርስ ይገባዋል።

እስካሁን አሞገስኩት፣ ድክመቱም ቀላል አይደለም።

ትልቁ ድክመት መሣሪያ የለውም። አብሮት የሚመጣ ፒያኖ፣ ድራም፣ ስትሪንግ፣ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ሪያ ሲንዝ የሚባል ቀላል ሲንተሳይዘርና ሪያ ሳምፕሎማቲክ የሚባል ሳምፕል (ቀድሞ የተቀዳ የድምፅ ቁራጭ) ማጫወቻ አለ፣ ከዚያ ውጭ ከራሳችሁ አምጡ ነው። በባንድ፣ በማይክ፣ በእውነተኛ መሣሪያ ለሚቀዳ አልበም ምንም ችግር የለውም። ቢት ለሚሠሩ ልጆች ግን ያሰለቻል። እውነቱን ለመናገር ቢት የሚሠራውን ልጅ ከለመደው ከኤፍኤል ስቱዲዮ ወይም ከኤብልተን አታስወጡት። እዚያ ይጨርስና ትራኮቹን ለየብቻ በዌቭ አውጥቶ ያምጣ። ሁሉም ፋይሎች ከዘፈኑ ዜሮ ሰከንድ ይጀምሩ፣ ቴምፖው በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ፣ ሳምፕል ሬቱ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ከክፍሉ ጋር አንድ ይሁን። ይህ ከተከበረ ሪፐር ውስጥ ጎትቶ መጣል ብቻ ነው፣ ሁሉም በየቦታው ይቀመጣል።

ሌላው መልኩና ሜኑው ነው። ሪፐርን መጀመሪያ የከፈተ ሰው ግራ ይገባዋል። ሜኑ ውስጥ ሜኑ አለ፣ በቀኝ ክሊክ የሚወጣው ዝርዝር ስክሪኑን ይሞላል። የማውሱን ጎማ ስታዞሩ ገጹ ወደ ታች ይወርዳል ብላችሁ ስትጠብቁ የድምፁ ሞገድ እየሰፋ እየጠበበ ፊታችሁ ላይ ይመጣል፣ ሲፈጠር የተቀመጠለት ልማድ እንዲያ ስለሆነ። ሁሉም ነገር ይቀየራል፣ ማውሱም፣ ቁልፎቹም፣ መልኩም፣ ግን ገና የጀመረ ተማሪ ምን መቀየር እንዳለበት እንኳን አያውቅም። ተስፋ ቆርጦ "ይሄ ነገር አስቀያሚ ነው" ብሎ የሚዘጋው ብዙ ነው፣ አልፈርድበትም። ድረ ገጹ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ያለው መመሪያ መጽሐፍ በነፃ አለ፣ የቪዲዮ ትምህርትም አለ፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሴሚስተር ላይ ያለ ተማሪ ግን ያን ሁሉ አያነብም፣ ጊዜም የለው። ስለዚህ መምህሩ ወይም የሚያውቅ አንድ ልጅ ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መነሻ ፕሮጀክት) ይሥራ። 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ተብሎ የተወሰነ፣ ድራም ቀይ፣ ቤዝ ሰማያዊ፣ ቮካል ቢጫ የሆነ፣ የትራክ ስሞቹ የተጻፉ፣ የቮካሉ ሪቨርብ የተዘጋጀ። ያን ከፍቶ የሚጀምር ተማሪ ሌላውን ሜኑ ሁሉ ባያይም ዘፈን ይጨርሳል።

ሦስተኛው ድክመት ሁለት ሰው አንድ ፕሮጀክት ላይ በአንድ ጊዜ መሥራት አይችልም። ዶክመንት ላይ እንደለመድነው አንዱ ሲጽፍ ሌላው የሚያየው ዓይነት ነገር የለም። ፎልደሩን ክላውድ ላይ አስቀምጠው ሁለት ቦታ ከከፈቱት ሁለት የሚጋጩ ቅጂዎች ይወጣሉ፣ የማን ይሻላል ጭቅጭቅ ይጀመራል። መፍትሔው የሶፍትዌር አይደለም፣ የሰው ነው። ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ባለአደራ ይመደብ። ፕሮጀክቱን የሚከፍተውና ሴቭ የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው የሚያቀብለው የድምፅ ፋይል ነው። ባለአደራው ያስገባል፣ አዲስ ቁጥር ሰጥቶ ሴቭ ያደርጋል። "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ የመጨረሻ"፣ "አሁን በእርግጥ የመጨረሻ" የሚሉ ፋይሎች እንዳይኖሩ ቁጥር ብቻ ይጻፍ።

ሌሎቹስ? ኦዳሲቲ ነፃ ነው፣ ለቃለ መጠይቅና ለፖድካስት እወደዋለሁ። በ2022 ከወጣው 3.2 ጀምሮ ኢፌክቱን ዘፈኑ እየሄደ መቀየር ይቻላል፣ ግን ብዙ ትራክ ላለው ሚክስ እጅ ያሳጥራል። ጋራዥባንድና ሎጂክ በጣም ጥሩ ናቸው፣ አብረዋቸው የሚመጡት መሣሪያዎችም ሪፐር የሌለውን ሁሉ ይሞላሉ፣ አፕል በሚሠራቸው ኮምፒውተሮችና መሣሪያዎች ላይ ብቻ መሥራታቸው ግን ለክፍል ሥራ ያስቀራቸዋል። ግማሹን ክፍል ከበር ውጭ ማቆም ነው። ፕሮ ቱልስን በተመለከተ "ኢንዱስትሪው የሚጠቀመው እሱን ነው" የሚሉ መምህራን አሉ፣ ትልቅ ስቱዲዮ ገብቶ ለመሥራት ያሰበ ተማሪ ቢማረው እስማማለሁ። ነገር ግን ማይክ ማስቀመጥ፣ ጌይን (ሲቀዳ የሚገባውን የድምፅ መጠን) መለካት፣ ቅጂ መምረጥ፣ ቦታ ለቦታ ኢኪው ማድረግ የትኛውም ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ነው። ሪፐር ላይ አልበም የጨረሰ ልጅ ፕሮ ቱልስን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም። አልበም ያልጨረሰ ልጅ ግን በየትኛውም ሶፍትዌር ላይ ገና ነው።

አልበሙን የማሰባሰብ ደረጃ ላይ ሪፐር እንደገና ጉልበቱን ያሳያል። ያለቁትን ሚክሶች ሁሉ አንድ አዲስ ፕሮጀክት ውስጥ በቅደም ተከተል ደርድሯቸው። እያንዳንዱን ዘፈን ሪጅን (መነሻና መድረሻው የተከለለ ክፍል) አድርጉት፣ ስሙን ስጡት። በዘፈንና በዘፈን መሀል ያለውን ዝምታ በጆሮ ወስኑ። ከከባድ ዘፈን በኋላ ትንሽ ረዘም ያለ ትንፋሽ ያስፈልጋል፣ ሁለት ፈጣን ዘፈኖች ደግሞ ተጠጋግተው ቢሄዱ ያምራል። ከዚያ ሬንደር (ወደ ድምፅ ፋይል አውጣ) ስትሉ ሁሉም ዘፈን ለየብቻ፣ በቁጥሩና በስሙ፣ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ቁጥሩ በቅደም ተከተላቸው እንዲሰጥ ካዘዛችሁት፣ ቅደም ተከተሉን ስትቀይሩ ቁጥሩም አብሮ ይስተካከላል። የዘፈኖቹን መጀመሪያና መጨረሻ እየቆረጡ አንድ በአንድ ማውጣት የቀረው በዚህ ነው።

ሬንደሩ ሲያልቅ የእያንዳንዱን ዘፈን የድምፅ መጠን በኤልዩኤፍኤስ (LUFS፣ ድምፁ ለጆሮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ መለኪያ) ያሳያችኋል። እዚህ ጋ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ስፖቲፋይ ዘፈኖችን በመደበኛ አሠራሩ ወደ −14 ኤልዩኤፍኤስ እንደሚያስተካክል ሰምተዋል፣ ስለዚህ ሁሉንም ዘፈን አንድ በአንድ −14 ላይ ያስቀምጣሉ። ውጤቱ በአንድ ጊታር የሚዘፈነው ለስላሳ ዘፈን ሙሉ ባንድ ካለው ዘፈን እኩል ይጮሃል። አልበም ተብሎ የተሠራው ነገር የዘፈን ክምር ይሆናል። ስፖቲፋይ ራሱ አልበም በተከታታይ ሲደመጥ እንደ አንድ ሥራ ነው የሚያስተካክለው፣ ለስላሳው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዘፈኖቹን እርስ በርስ በጆሮ አመዛዝኗቸው፣ ቁጥሩን ለማረጋገጫ ብቻ እዩት፣ ጫፉ ደግሞ ከ−1 ዴሲቤል ትሩ ፒክ አይለፍ። ይህን ስላወቁ ብቻ የተማሪ አልበማቸው ጥሩ ሆኖ የወጣ ልጆች አሉ።

ሶፍትዌር የማይሠራላችሁ አንድ ነገር አለ፣ የባለቤትነቱ ጉዳይ። ዘፈን ሁለት መብት አለው፣ አንዱ የግጥምና ዜማው ነው፣ ሌላው የተቀዳው ድምፅ። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በክፍል ሥራ ላይ ዩኒቨርሲቲውም በስቱዲዮውና በመሣሪያው የተነሳ የሚለው ሊኖረው ይችላል። ኮርሱ ሲጀመር ያልተጻፈ ስምምነት ኮርሱ ሲያልቅ ጠብ ነው፣ በተለይ ከዘፈኖቹ አንዱ ሰው ጋ ከደረሰ። እያንዳንዱ የሪፐር ፕሮጀክት የማስታወሻ ገጽ አለው። ቀረጻው በተካሄደበት ቀን ማን ጻፈ፣ ማን አቀናበረ፣ ማን ተጫወተ፣ ማን ዘፈነ፣ የትኛው ሳምፕል ከየት መጣ የሚለውን እዚያ ጻፉ። ወር ሲያልፍ ያን ሁለተኛ ድምፅ የሠራችው ልጅ ማን እንደነበረች ማንም አያስታውስም፣ ስሟ ሳይጻፍ የቀረባት ልጅ ግን አትረሳውም። የሰው ዘፈን መልሳችሁ ከሠራችሁ ወይም ቁራጭ ከወሰዳችሁ ደግሞ "ለትምህርት ነው" የሚለው ምክንያት ክፍል ውስጥ ቢያስኬድም፣ አልበሙን ለሕዝብ ስትለቁት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለማን አልመክረውም? ክፍሉ በሙሉ ቢት ሠሪ ከሆነና ማይክ ፊት የሚቆመው ራፐር ብቻ ከሆነ ሪፐር አይመቻችሁም፣ የለመዳችሁት ይሻላል። የሚያሳይ ሰው ከሌለና ቴምፕሌት የሚሠራ ካልተገኘም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይባክናሉ። ባንድ ላለው፣ ኳየር ለሚቀዳ፣ የተለያየ ኮምፒውተር ለያዘ፣ በጀት ለሌለው ክፍል ግን ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ።

የመጨረሻ ነገር ለመምህራን። ተማሪዎቹ ሲያስረክቡ የሚሰሙትን ዘፈኖች ብቻ አትቀበሏቸው። ሙሉ ፎልደሩን ተቀበሉ፣ ከእሱ ጋርም የእያንዳንዱን ዘፈን ትራኮች ለየብቻ በዌቭ ያውጡ፣ አንዱ ከነኢፌክቱ፣ አንዱ ያለኢፌክት። ሪፐር ትራኮቹን ሁሉ በአንድ ሬንደር ለየብቻ ያወጣቸዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከልጆቹ አንዱ ያን ዘፈን እንደገና ሚክስ ላድርገው ቢል ፕለጊኑ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ሶፍትዌሩም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ዌቭ ፋይል ግን የትም ይከፈታል። ማስረከቢያው ቀን ላይ ትንሽ ቀደም ብሎ ሰዓት መመደብ ብቻ ነው የሚፈልገው።